ሥራና ቤተሰብ ይዞ የምክር አገልግሎት ሙያ መማር፦ ለአዋቂ ተማሪዎች የጊዜ አማራጮች ዝርዝር መመሪያ

በሠላሳዎቹ፣ በአርባዎቹ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ባለው ዕድሜ የሥነ ልቦና ምክር ሙያ ለመማር የሚነሡ ሰዎች ጥቂት አይደሉም። ሙያውም ዕድሜ የጠገበ ሰው አይገፋም። ልጅ ያሳደገ፣ ሐዘን የደረሰበት፣ ሥራ አጥቶ ያገኘ ሰው ሌላውን ሲያዳምጥ ጆሮው ይለያል። ኮሌጆች ይህን ስለሚያውቁ በማስታወቂያቸው ላይ «ለሥራ ሰዎች የሚመች» የሚል ሐረግ አይጠፋም። የማይነገረው ግን የሚመቸው የትኛው ክፍል እንደሆነ ነው። ንድፈ ሐሳቡ ይመቻል፤ በማታ፣ በእሁድ ወይም ሌሊት በኮምፒውተር ሊማሩት ይችላሉ። ከእውነተኛ ሰው ፊት ለፊት ተቀምጦ የሚሠራው የተግባር ልምምድ ግን በማስታወቂያ ቃል አይለዝብም። ብዙ አዋቂ ተማሪ ኮርሱን ሁሉ በጥሩ ውጤት አጠናቆ የሚቆመው እዚያ ላይ ነው። ስለዚህ ይህ መመሪያ ከመጨረሻው ይጀምራል።

1. ከኮሌጁ በፊት ፈቃድ ሰጪውን አካል ይጠይቁ

የመጀመሪያው የስልክ ጥሪ ለኮሌጅ መሆን የለበትም። ሊሠሩበት ባሰቡት አገር ለአማካሪዎች ፈቃድ የሚሰጠውን ወይም የሚመዘግበውን አካል ያግኙ። እንዲህ ያለ አካል ከሌለ የሙያ ማኅበሩን፣ እሱም ከሌለ ሊቀጠሩበት የሚፈልጉትን ድርጅት የሰው ኃይል ክፍል ያነጋግሩ። የሚጠየቁት ሦስት ነገሮች ናቸው፦ የትኛውን የትምህርት ደረጃ ትቀበላላችሁ፤ ስንት ሰዓት የተግባር ልምምድ ትጠይቃላችሁ፤ በኢንተርኔት የተወሰደ ትምህርት እስከ ምን ድረስ ይቆጠራል?

ይህን ማስቀደም የሚያስፈልገው መልሱ ከቦታ ቦታ እጅግ ስለሚለያይ ነው። የብሪታኒያ የምክርና ሳይኮቴራፒ ማኅበር እውቅና የሚሰጣቸው ኮርሶች ተማሪው ቢያንስ 100 ሰዓት በሱፐርቪዥን ሥር፣ ማለትም ልምድ ያለው ባለሙያ ሥራውን እየተከታተለና እያረመው፣ ከተመካሪዎች ጋር እንዲሠራ ያስገድዳሉ። በአሜሪካ የምክር አገልግሎት ፕሮግራሞችን እውቅና የሚሰጠውና ኬክሬፕ በሚል ምህጻረ ቃል የሚታወቀው ምክር ቤት ደግሞ በማስተርስ ደረጃ መጀመሪያ 100 ሰዓት የመለማመጃ ሥራ፣ ከዚያ 600 ሰዓት ኢንተርንሺፕ ይጠይቃል። ከመጀመሪያው ውስጥ 40፣ ከሁለተኛው ውስጥ 240 ሰዓት በቀጥታ ከተመካሪ ጋር የሚያልፍ መሆን አለበት። የቀረው ለማስታወሻ ጽሑፍ፣ ለስብሰባ፣ ለሱፐርቪዥንና ለዝግጅት ነው። ሁለቱም ሙያተኛ ያወጣሉ፤ ከሥራ ሰው የሚወስዱት ጊዜ ግን አይወዳደርም።

ቁጥሩን እንዳገኙ ወደ ሳምንት ይለውጡት። ለምሳሌ 240 ሰዓት ከተመካሪ ጋር መሥራት አለብዎት እንበል። በሳምንት አምስት ቀጠሮ ቢይዙ፣ አንዱ ቀጠሮ አንድ ሰዓት ቢሆን፣ 48 ሳምንት ይሆናል። ይህ ግን የወረቀት ስሌት ነው። ተመካሪ ይቀራል፣ ይታመማል፣ ሐሳቡን ይለውጣል። ከአምስቱ በየሳምንቱ አራቱ ብቻ ቢመጡ 48ቱ ሳምንት 60 ይሆናል፤ በዓላትና የእርስዎ ሕመም ገና አልገቡም። ኢንተርንሺፑ በጠቅላላ 600 ሰዓት ከሆነ ደግሞ በሳምንት 20 ሰዓት ለሚችል ሰው 30 ሳምንት፣ በሳምንት 10 ሰዓት ብቻ ለሚችል 60 ሳምንት ይፈጃል። «በሁለት ዓመት ይጨርሳሉ» የሚል ማስታወቂያ ሲያነቡ ይህ ስሌት በእጅዎ ይኑር።

2. በትምህርቱ ውስጥ ምን እንደሚለዝብ፣ ምን እንደማይለዝብ ለዩ

የምክር አገልግሎት ትምህርት እንደ ሒሳብ አያያዝ ወይም እንደ ሕግ አንድ ወጥ አይደለም። ቢያንስ አራት የተለያዩ ነገሮችን በአንድ ስም ይዟል።

ንድፈ ሐሳቡ ማለትም የሰው ልጅ ዕድገት፣ የምክር አገልግሎት አስተምህሮዎች፣ ሥነ ምግባር፣ የምርምር ዘዴና የመሳሰለው በየትኛውም ሰዓት ሊጠና ይችላል።

ሁለተኛው የክህሎት ልምምድ ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ያልገባበት ሰው ምን እንደሆነ ስለማይገምተው። ተማሪዎች ሦስት ሦስት ሆነው ይቀመጣሉ። አንዱ ያማክራል፣ አንዱ ከራሱ ሕይወት ቀለል ያለ ጉዳይ አንሥቶ ይመከራል፣ ሦስተኛው ወረቀትና እስክሪብቶ ይዞ ይታዘባል። ሩብ ሰዓት ያህል ይሠራሉ። ከዚያ ታዛቢው ያየውን ይናገራል፦ «‹እናቴ› የሚለውን ቃል ስትናገር ድምፅዋ ዝቅ ብሎ ነበር፤ አንተ ግን ስለ ሥራዋ ጠየቅሃት።» ከዚያ ቦታ ይለዋወጣሉ። እንዲህ ያለውን እርማት ከመጽሐፍ ማግኘት አይቻልም። ለዚህም ነው ኮሌጆች ለንድፈ ሐሳብ ክፍል መቅረትን በቀላሉ አልፈው ለክህሎት ክፍል የሚጨክኑት፤ አንድ ሰው ሲቀር ሁለቱ ጓደኞቹ ይሠናከላሉ።

ሦስተኛው ራስን የማወቅ ቡድን ነው። ሁሉም ኮሌጅ የለውም፤ ያላቸው ግን ተማሪው ከተመሳሳይ ሰዎች ጋር ለረጅም ጊዜ እንዲቀጥል ስለሚፈልጉ በመካከል ከአንድ ቡድን ወደ ሌላ መዘዋወር አይፈቅዱም። አንዳንድ የትምህርት መስመሮች፣ በተለይ ከሥነ ልቦና ትንተና የመነጩት፣ ተማሪው ራሱ ሌላ አማካሪ ዘንድ እየሄደ እንዲመከር ግዴታ ያደርጋሉ። ይህም ሰዓትና ገንዘብ ነው።

አራተኛው የተግባር ልምምዱና ከሱ የማይነጠለው ሱፐርቪዥን ነው።

የኮሌጁን የኮርስ ዝርዝር አውጥተው ከእያንዳንዱ ኮርስ ጎን ከእነዚህ አራቱ የየትኛው እንደሆነ ይጻፉ። «የሚመች» የተባለው ፕሮግራም ከአራቱ ስንቱን እንደሚያመቻች ወዲያው ይታያል።

3. ሳምንትዎን በወረቀት ላይ ያውጡ

አንድ ሳምንት 168 ሰዓት ነው። ለእንቅልፍ በቀን ሰባት፣ በሳምንት 49 ይቀንሱ። ለሥራ 45፣ ለመንገድ 10 ይቀንሱ። 64 ይቀራል። ለምግብ፣ ለንጽሕና፣ ለቤት ሥራና ለልጆች በቀን አራት ሰዓት ቢወጣ ሌላ 28 ሄደ፤ 36 ቀረ። ይህ 36 ሰዓት ግን ባዶ አይደለም። የታመመ ዘመድ፣ የተበላሸ ቧንቧ፣ ዝም ብሎ መቀመጥ የሚባል የሰው ልጅ ፍላጎት አለበት። ግማሹን ካገኙ ዕድለኛ ነዎት።

አሁን ትምህርቱ የሚጠይቀውን ያስቀምጡ። በአሜሪካ ሥርዓት አንድ ክሬዲት ሰዓት ማለት በሳምንት አንድ ሰዓት ክፍል ውስጥና ቢያንስ ሁለት ሰዓት ከክፍል ውጭ፣ ለአሥራ አምስት ሳምንት ያህል ነው። ስለዚህ ባለ ሦስት ክሬዲት አንድ ኮርስ በሳምንት 9 ሰዓት፣ ሁለት ኮርስ 18 ሰዓት ይበላል። በአውሮፓ የጋራ የክሬዲት ሥርዓት አንድ ክሬዲት ከ25 እስከ 30 ሰዓት ሥራ ሲሆን የሙሉ ጊዜ ዓመት 60 ክሬዲት ነው። ኮሌጅዎ በየትኛው እንደሚቆጥር ጠይቀው ወደ ሳምንታዊ ሰዓት ይመልሱት። ከላይ ባየነው ሰው 18 ሰዓት ማለት ያለው ጊዜ በሙሉ ማለት ነው። የእኔ ምክር የመጀመሪያውን ሴሚስተር በአንድ ኮርስ መጀመር ነው። ሁለተኛ ኮርስ መጨመር ቀላል ነው፤ በሴሚስተር አጋማሽ መጣል ግን ክፍያም ትራንስክሪፕትም ላይ ምልክት ይተዋል።

4. የጊዜ አማራጮቹን በየራሳቸው ባሕርይ ይመዝኑ

የማታ ትምህርት በብዙ ቦታ ቀዳሚው አማራጭ ነው። ጥሩነቱ በየሳምንቱ መሆኑ ነው፤ የተማሩትን ሳይረሱ ይመለሳሉ። ድክመቱ ድካም ነው። ቀኑን ሙሉ ሲሠራ የዋለ ሰው ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ ንግግር መስማት አያቅተውም፤ የሌላውን ሰው የፊት ገጽታ እየተከታተለ ማዳመጥ ግን ይከብደዋል። ከተቻለ የክህሎት ኮርሶችን በሳምንቱ መጨረሻ፣ ንድፈ ሐሳቡን በማታ ይውሰዱ።

የሳምንት መጨረሻ ትምህርት ሁለት ዓይነት ነው። በየሳምንቱ የሚሰጠው እንደ ማታው ነው። በወር አንድ ጊዜ ቅዳሜና እሁድን ሙሉ የሚይዘው ግን ሌላ ነገር ነው፤ አንድ ጊዜ መቅረት የአንድ ወር ትምህርት ማጣት ይሆናል። ከመመዝገብዎ በፊት የዓመቱን ቀናት በሙሉ ይቀበሉና ከቤተሰብ ጉዳዮች ጋር ያስተያዩ። የቅርብ ዘመድ ሠርግ ከትምህርት ቀን ጋር ሲጋጭ የሚሸነፈው አብዛኛውን ጊዜ ትምህርቱ ነው።

በተከታታይ ቀናት የታጨቀ ትምህርት፣ ለምሳሌ በዓመት ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ለአንድ ሳምንት ያህል ከሥራ ፈቃድ ወስደው የሚገቡበት፣ ራቅ ብሎ ለሚኖር ሰው ይስማማል። ለክህሎት ልምምድም መልካም ነው፤ ሰዎቹ እየተዋወቁ ስለሚሄዱ በሦስተኛው ቀን ልምምዱ ይጠልቃል። የሚያሳጣው ማስታወስን ነው። ሄርማን ኤቢንግሃውስ እ.ኤ.አ. በ1885 ባሳተመው ጥናት እንዳሳየው፣ ከተጠና ነገር ብዙው የሚረሳው በመጀመሪያዎቹ ሰዓታትና ቀናት ነው፤ በጊዜ ተከፋፍሎ የተደጋገመ ደግሞ በአንድ ቀን ከታጨቀው የተሻለ ይቆያል። ስለዚህ ይህን ከመረጡ በአንዱና በሚቀጥለው የትምህርት ሳምንት መካከል ያለው ጊዜ ባዶ መሆን የለበትም። ከክፍል ጓደኞችዎ ሁለቱን ይዘው በየሁለት ሳምንቱ በቪዲዮ ተገናኝታችሁ ተለማመዱ። ኮሌጁ ባያስገድድም ያድርጉት።

የኢንተርኔት ትምህርትን በተመለከተ ሁለት ነገር አይምታታብዎት። በራስ ፍጥነት የሚሄደው፣ ትምህርቱ ተቀርፆ የሚቀመጥበት፣ ለንድፈ ሐሳብ በቂ ነው፤ ለክህሎት አይበቃም። በተወሰነ ሰዓት ፊት ለፊት በካሜራ የሚካሄደው ለክህሎትም ይሠራል። ከኮቪድ ወረርሽኝ ወዲህ በቪዲዮ የሚሰጥ ምክር የተለመደ ስለሆነ በካሜራ መለማመድ ራሱ የሙያው አካል ሆኗል። እንዲያውም አንድ ትልቅ ጥቅም አለው፦ ልምምዱን መቅረፅ ይቀላል። ካርል ሮጀርስ በ1940ዎቹ መጀመሪያ የምክር ክፍለ ጊዜን በድምፅ መቅረጫ ሸክላ እያስቀረፀ ለማስተማሪያና ለምርምር ይጠቀም ነበር፤ ዛሬ ያንኑ ነገር ማንም ተማሪ በስልኩ ያደርገዋል። ተለማማጁ ጓደኛዎ ከፈቀደ አሥር ደቂቃውን ቃል በቃል ወደ ጽሑፍ ይገልብጡትና ራስዎ ስንት ጊዜ እንዳቋረጡ ይቁጠሩ። ደስ አይልም፤ ያስተምራል።

ለኢንተርኔት ትምህርት አንድ ቅድመ ሁኔታ አለ፤ በር ያለው ክፍል። ጓደኛዎ ስለ ጋብቻው ሲያወራ ከኋላዎ ልጅ ቢያልፍ ወይም ባለቤትዎ ቢሰማ የምሥጢር ጥበቃ ግዴታ ፈረሰ ማለት ነው። እንዲህ ያለ ቦታ ከሌለዎት የኮሌጁን ወይም የቤተ መጻሕፍትን ክፍል ማግኘት እንደሚቻል አስቀድመው ይጠይቁ፤ ካልተገኘ የማታው ይሻላል።

ቅልቅሉ፣ ማለትም ንድፈ ሐሳቡ በኢንተርኔት ሆኖ ክህሎቱ በአካል የሚሰጥበት፣ ለአብዛኛው የሥራ ሰው ከሁሉም የሚስማማ ይመስለኛል። የሚለዝበውን አለዝቦ የማይለዝበውን በቦታው የሚተው እሱ ብቻ ነው።

በመጨረሻ አንድ አንድ ኮርስ እየወሰዱ መሄድ አለ። ነፃነቱ ያታልላል። አንዳንድ ኮርስ በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ ይከፈታል፣ አንዱም ለሌላው ቅድመ ተፈላጊ ነው። «የምክር ክህሎት አንድ» በዓመቱ መጀመሪያ ብቻ የሚሰጥ ቢሆንና ቢያመልጥዎት «ክህሎት ሁለት»ን፣ ከዚያም የተግባር ልምምዱን አንድ ሙሉ ዓመት ይጠብቃሉ። ከሬጅስትራር ቢሮ ወይም ከትምህርት ክፍሉ ኃላፊ የቅድመ ተፈላጊዎቹን ሰንሰለት ወስደው በወረቀት ይሣሉት። ንድፈ ሐሳቡ ሊዘገይ ይችላል፤ የክህሎት ሰንሰለቱ ግን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ መንቀሳቀስ አለበት።

5. የልምምድ ቦታውን ከአንድ ዓመት በፊት ይፈልጉ

ምክር የሚሰጡ ድርጅቶች አብዛኞቹ የሚከፈቱት እርስዎ ሥራ ላይ በሚሆኑበት ሰዓት ነው። ትምህርት ቤት ቀን ነው፤ ሆስፒታልም በአብዛኛው ቀን ነው። በማታና በቅዳሜ የሚሠሩት የስልክ የእርዳታ መስመሮች፣ የበጎ አድራጎት ማዕከላት፣ የሱስ ማገገሚያዎችና የእምነት ተቋማት የምክር ክፍሎች ናቸው። ቁጥራቸው ትንሽ፣ ፈላጊያቸው ብዙ ስለሆነ ተራ ይያዛል። የስልክ መስመር ሥራ በጣም ጥሩ ልምድ ነው፤ ነገር ግን ሁሉም ኮሌጅ እንደ ቀጥተኛ የምክር ሰዓት አይቆጥረውም። ሳይጠይቁ አይጀምሩ።

«በራሴ መሥሪያ ቤት ብለማመድስ?» የሚለው ጥያቄ አይቀርም። ይቻላል፤ ሁለት አጥር ግን አለው። አንደኛ፣ በሥራ የሚያውቁትን ወይም የሚያዝዙትን ሰው መምከር ድርብ ግንኙነት ይፈጥራል፤ የሥነ ምግባር ደንቦች አጥብቀው የሚያስጠነቅቁት ከዚህ ነው። ሁለተኛ፣ አለቃዎ ሱፐርቫይዘርዎ መሆን የለበትም። ስሕተትዎን በግልጽ መናገር ያለብዎት ሰውና የደመወዝ ጭማሪዎን የሚወስነው ሰው አንድ ሲሆን ስሕተት አይነገርም። አዲስ ክፍል፣ አዲስ ተገልጋዮችና ከውጭ የመጣ ሱፐርቫይዘር ከተገኘ ግን መሥሪያ ቤትዎ ትልቅ መፍትሔ ሊሆን ይችላል።

የሱፐርቪዥን ሰዓትም በፕሮግራምዎ ውስጥ ቦታ ይያዝለት። ኬክሬፕ በልምምድ ወቅት በየሳምንቱ አንድ ሰዓት የግል ሱፐርቪዥንና በአማካይ አንድ ሰዓት ተኩል የቡድን ሱፐርቪዥን ይጠይቃል። በማታ የሚገናኝ ሱፐርቫይዘር መኖሩን ያረጋግጡ፤ ብዙ የማታ ፕሮግራም እዚህ ላይ «ሱፐርቪዥኑ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ነው» ይላል።

መዝገቡን ከመጀመሪያው ቀን ይያዙ፦ ቀን፣ የተመካሪው መለያ ቁጥር እንጂ ስም አይደለም፣ ቀጥተኛ ሰዓት፣ ሌላ ሰዓት፣ የሱፐርቫይዘር ፊርማ። ፊርማውን በየሳምንቱ ያስፈርሙ። ሱፐርቫይዘር ሥራ ይለቅቃል፣ አገር ይለውጣል፤ ያልተፈረመ ሰዓት ደግሞ እንዳልተሠራ ይቆጠራል።

6. ያለዎትን ያስቆጥሩ

ቀድሞ በሥነ ልቦና፣ በማኅበራዊ ሥራ፣ በነርስነት ወይም በመምህርነት ከተማሩ ትራንስክሪፕቱን ብቻ ሳይሆን የየኮርሱን ዝርዝር ይዘው ይቅረቡ። የኮርስ ስም ብቻ አይበቃም፤ የሚያመሳክረው መምህር ይዘቱን ማየት ይፈልጋል። የምርምር ዘዴ፣ የዕድገት ሥነ ልቦናና ስታቲስቲክስ በቀላሉ ይያዛሉ። የክህሎት ኮርስ ግን እምብዛም አይያዝም፤ አይከራከሩበት፣ ጉልበትዎን ይቆጥቡ። ያረጀ ክሬዲት የማይቀበሉ ኮሌጆች ስላሉ የጊዜ ገደቡንም ይጠይቁ። ማመልከቻው የሚገባው ከምዝገባ በፊት ነው፤ ኮርሱን ከጀመሩ በኋላ ማንም አይሰማዎትም።

7. አሠሪዎንና ቤትዎን ያነጋግሩ

ለአሠሪዎ የሚያቀርቡት ጥያቄ በቀንና በሰዓት የተወሰነ ይሁን። «ትምህርት ልጀምር ነው» ከማለት «ከመጪው ዓመት ጀምሮ ለአሥር ወር ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ወጥቼ ሰዓቱን ሰኞና ረቡዕ ጠዋት እተካለሁ» ማለት መልስ ያስገኛል።

በቤት ውስጥ የሚረሳ ጉዳይ አለ። ከተመካሪ ጋር ሲቀመጡ የዋሉ ዕለት የሰሙትን ለማንም መናገር አይችሉም፤ ፊትዎ ላይ ግን ይታያል። የመጨረሻው ቀጠሮና ቤት የመግቢያው ሰዓት መካከል ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ይተዉ፤ ማስታወሻዎን ጽፈው፣ ትንሽ በእግርዎ ሄደው ይግቡ። ልጅ ከትምህርት ቤት ለማምጣት ከቀጠሮ ላይ እየሮጡ የሚወጡበት ፕሮግራም ሁለት ወር አይዘልቅም።

8. ከመክፈልዎ በፊት መልሱን በጽሑፍ ይቀበሉ

በቃል የተነገረ ነገር የነገረው ሠራተኛ ሲቀየር ይጠፋል። በኢሜይል ወይም በደብዳቤ እነዚህን ይጠይቁ፦

ለትርፍ ጊዜ ተማሪዎች የልምምድ ቦታ የሚፈልገው ማን ነው፣ ኮሌጁ ወይስ ተማሪው? በማታና በሳምንቱ መጨረሻ የሚሠሩ ስንት ቦታዎች አሏችሁ? ባለፉት ዓመታት የትርፍ ጊዜ ተማሪዎች በአማካይ በስንት ዓመት ጨረሱ? ፕሮግራሙን ለመጨረስ የተቀመጠው ከፍተኛ የጊዜ ገደብ ስንት ነው? ከማታ ወደ ኢንተርኔት፣ ከኢንተርኔት ወደ ማታ መዘዋወር ይቻላል? ክፍያው በኮርስ ነው ወይስ በሴሚስተር? በሴሚስተር ከሆነ አንድ ኮርስ የሚወስድ ሰው የሙሉ ጊዜ ተማሪን ያህል ሊከፍል ነውና ያስቡበት።

ከእነዚህ ሁሉ የመጀመሪያው ጥያቄ ላይ ይጽኑ። መልሱ «ተማሪው ራሱ ይፈልጋል» ከሆነና የድርጅቶች ዝርዝር እንኳ ካልሰጡዎት ሌላ ኮሌጅ ይመልከቱ። ከተቻለም በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ዓመት ላይ ያለ አንድ የትርፍ ጊዜ ተማሪ ያነጋግሩ፤ የልምምድ ቦታውን እንዴት እንዳገኘ ብቻ ይጠይቁት። ሌላውን ሳይጠየቅ ይነግርዎታል።

9. የማቋረጫውን ደንብ ሳይቸግርዎ ያንብቡ

አዋቂ ተማሪ ትምህርቱን አንድ ጊዜ እንኳ ሳያቋርጥ መጨረሱ ብርቅ ነው። ወላጅ ይታመማል፣ ልጅ ይወለዳል፣ ሥራ ይለወጣል። ጥያቄው የሚያቋርጡት በደንቡ መሠረት ነው ወይስ ዝም ብለው በመጥፋት ነው። ዊዝድሮዋል የሚባለውን የማቋረጫ ቅጽ ሞልቶ የወጣ ተማሪ ተመልሶ ይገባል፤ የጠፋ ተማሪ በኤፍ ይመዘገባል። የማመልከቻው የመጨረሻ ቀን መቼ እንደሆነ፣ ለስንት ጊዜ መውጣት እንደሚፈቀድና ያ ጊዜ ከከፍተኛው የጊዜ ገደብ ላይ ይቀነስ እንደሆነ ይወቁ።

በልምምድ ላይ እያሉ ማቋረጥ የራሱ ሥርዓት አለው። ወረቀት ከመሙላትዎ በፊት ለሱፐርቫይዘርዎ ይንገሩ። እያንዳንዱን ተመካሪ የመሰናበቻ ቀጠሮ ሰጥተው፣ ማን እንደሚተካዎት አሳውቀው፣ ማስታወሻዎችን ለድርጅቱ አስረክበው ይውጡ። እስከዚያ ቀን የሠሩትን ሰዓት በሙሉ አስፈርመው ቅጂውን ቤትዎ ያስቀምጡ፤ ሲመለሱ ሬጅስትራሩ መጀመሪያ የሚጠይቅዎት እሱን ነው።